የድንጋይ ጠራቢው ልጅ ክርስቲያን ዶፕለር

ክርስቲያን ዶፕለር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1803 ዓ.ም. በኦስትሪያ አገር፣ ሳልዝቡርግ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ድንጋይ ጠራቢ ነበረ። ልጁ ግን ሰውነቱ ደካማ ስለ ነበረ መዶሻ ማንሣት አልሆነለትም፤ ስለዚህ ወደ ትምህርት አዘነበለ።

በቪየና ከተማረ በኋላ ሥራ በማጣት ብዙ ተንከራተተ፤ በጥጥ መፍተያ ፋብሪካም ሒሳብ ጸሓፊ ሆኖ ሠራ። በ1835 ተስፋ ቈርጦ ወደ አሜሪካ ሊሰደድ ሲሰናዳ፣ ፕራግ ከሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመምህርነት ጥሪ ደረሰው። ጥሪው ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ እንጃ!

በ1842 በፕራግ ሊቃውንት ፊት አንድ ጽሑፍ አነበበ። አሳቡም፣ ድምፅ ወይም ብርሃን የሚሰጥ ነገር ወደ እኛ ሲቀርብ ሞገዱ ይጠጋጋል፣ ሲርቅም ይራራቃል የሚል ነው። ይህን ለማስተዋል የቢቸና ልጅ መጽሐፍ አያሻውም፤ ከደጀን ወደ ሞጣ የሚያልፈው አውቶቡስ ጡሩምባውን እየነፋ ሲመጣ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ካለፈን በኋላ ይወፍራል። ዶፕለር በዚህ አሳብ የከዋክብትን ቀለም ሊያስረዳ ሞከረ። በቀለሙ ነገር ተሳስቷል፤ መሠረቱ ግን ልክ ነበረ። በ1845 ባይስ ባሎት የተባለ የሆላንድ ሊቅ መለከተኞችን በባቡር አሳፍሮ ቢፈትነው እንደ ተባለው ሆኖ ተገኘ።

በ1850 በቪየና ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተቋም የመጀመሪያ ኀላፊ ሆነ፤ የዘርን ሕግ የመረመረው ሜንዴልም ከእርሱ ተምሯል። ነገር ግን ሳንባውን ታሞ ነበርና በ1853 በቬኒስ በ49 ዓመቱ ሞተ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሐኪሞች አሳቡን ከሰማይ ወደ ማሕፀን አወረዱት። በ1977 የአየርላንድ ሐኪሞች በእትብት ውስጥ የሚሄደውን ደም በዚህ መንገድ እንደ መረመሩ ጻፉ። መሣሪያው በጆሮ የማይሰማ ድምፅ ወደ እናቲቱ ሆድ ይልካል፤ ድምፁ ከሚሮጠው ደም ነጥሮ ሲመለስ ቅጥነቱ ይለወጣል፣ ከለውጡም የደሙ አካሄድ ይታወቃል። እንግዴ ልጁ ሲጐዳ በአንዱ የልብ ምትና በሌላው መካከል የሚያልፈው ደም ይቀንሳል፤ ሲብስም ይቆማል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል። ሐኪሙ ሕፃኑ ይቆይ ወይስ ፈጥኖ ይወለድ የሚለውን ሲወስን ይህን ይመለከታል።

ዓምና እኅቴ እርጉዝ ሳለች ደም ብዛት ተገኘባትና ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላከች። ደጅ ቆሜ ሳለሁ በገርበብታው በር ሹው፣ ሹው የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ እናታችን ነፋስ መስሏት ነጠላዋን አጥብቃ ነበር። ደሙ ገና በደኅና ይሄዳል ተብሎ ሦስት ሳምንት አቆዩአት፤ ከዚያም ወንድ ልጅ ወለደች። የመሣሪያውን ስም ብጠይቅ ዶፕለር ነው አሉኝ። የሰው ስም መሆኑን ያወቅሁት ትምህርት ቤት ከተመለስሁ በኋላ ነው።