ኦነሲሞስ ደጅ ሲጠና

ስለ መርካት ሲሰበክ ብዙም አይጥመኝም። ብዙ ጊዜ የሚሰብከው የሞላለት ሰው ነዋ! ኦነሲሞስ ነሲብን ግን እሰማዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የልጅነት ስሙ ሂካ ነው፤ በኦሮምኛ ተርጓሚ እንደማለት። በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት ተሸጠ። ከጌታ ወደ ጌታ ሲተላለፍ ምጽዋ ደረሰ፤ በ1870 ነጻ ወጣ። የስዊድን ሚሲዮን አስተማረው፣ በ1872 ተጠመቀ። ኦነሲሞስ ጳውሎስ ታስሮ ሳለ በደብዳቤ የማለደለት ባሪያ ስም ነው። ያው ጳውሎስ ነው በማግኘትም በማጣትም ስለ መርካት የጻፈው፤ እሱም ከእስር ቤት።

ስዊድን አምስት ዓመት ተማረ። ከዚያ ሐሳቡ አንድ ብቻ ነበር፦ ወንጌልን ይዞ ወደ ወገኖቹ መመለስ። መንገዱ ግን እምቢ አለ። በሱዳን በኩል ሞክሮ ከነጓደኞቹ ተመለሰ። እንጦጦ ድረስ ሄደ፤ ምኒልክ አላሳለፉትም። እንደገና ምጽዋ አጠገብ፣ እምኩሉ።

እኔ ብሆን አኩርፌ እቀመጥ ነበር። እሱ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ያዘ። ከአገሩ በልጅነቱ ስለወጣ ቋንቋው አልበቃውም። ክፍተቱን የሞላችው አስቴር ጋኖ ናት፤ እሷም ከባርነት የወጣች፣ ወደ 15,000 የሚጠጉ የኦሮምኛ ቃላት የሰበሰበች ጎበዝ። (ስሟ ከሱ እኩል አለመጠራቱ ሁሌም ያናድደኛል።) አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው በ1899 ታተመ። እስቲ አስቡት፤ መጽሐፉ ሲያልቅ አንባቢዎቹ ያሉበት አገር ገና አልገባም!

ስለዚህ መርካት ማለት መተው ነው ስትሉኝ አልቀበልም። ይህ ሰው በሩን ማንኳኳት አላቆመም፤ እስኪከፈት ድረስም እጁን አላጣጠፈም። ይህን ከእምነቱ ሌላ በምን ላስረዳው?

በ1904 ነቀምት ገባ፤ ደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ ተቀበሉት። ተገላገለ ስትሉ፣ በ1906 ተከስሶ ማስተማር ተከለከለ። ፈቃዱን ያገኘው በልጅ ኢያሱ ዘመን፣ በ1916 ነው። ዕድሜው ያኔ ስልሳ ገደማ ነበር። በ1931 እስኪያርፍ ድረስ አስተማረ።