የፕሮፌሰር ፖል ሳክስ አጭር የሕይወት ታሪክ

የመምህር ድካሙ የሚታየው ተማሪዎቹ በተሰማሩበት ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን የአሜሪካዊውን መምህር የፕሮፌሰር ፖል ሳክስን ታሪክ ባጭሩ ላቀርብ ወደድሁ። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፖል ሳክስ በ1878 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሳሙኤል ሳክስ ጎልድማን ሳክስ ከተባለው ስመ ጥር የገንዘብ ድርጅት ባለቤቶች አንዱ ነበሩ። ልጃቸውም በ1900 ዓ.ም. ከሃርቫርድ ዩኒቨርስቲ ተመርቀው በዚሁ ድርጅት ሥራ ያዙ፤ በ1904 ዓ.ም. ሸሪክ ሆኑ። ነገር ግን ልባቸው በሥዕል ፍቅር ተይዞ ስለ ነበረ፣ በ1915 ዓ.ም. ይህን ሥራ ትተው በሃርቫርድ የፎግ ሙዚየም ረዳት ዲሬክተር ሆኑ።

በዚያን ጊዜ ለሙዚየም ሥራ ማሠልጠን ገና እንግዳ ነገር ነበረ። እሳቸው ግን በ1921 ዓ.ም. ትምህርቱን ጀምረው እስከ 1948 ዓ.ም. ሰጡ። ሻዲ ሂል በሚባለው መኖሪያ ቤታቸው ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው፣ ያከማቿቸውን ሥዕሎችና ቅርሶች በእጃቸው እየሰጡ፣ አገላብጠው እንዲመረምሩ ያደርጉ ነበር። ቅርስ እንዴት እንደሚገዛና እንደሚጠበቅ፣ ከባለጸጎችም ርዳታ እንዴት እንደሚገኝ አስተማሩ።

ከተማሪዎቻቸው አልፍሬድ ባር በ1929 ዓ.ም. የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የመጀመሪያ ዲሬክተር ሆነ፤ ለዚህም ሹመት ያቀረቡት እሳቸው ነበሩ። ጄምስ ሮሪመር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች የዘረፏቸውን ቅርሶች በማስመለስ ደከመ፤ በ1955 ዓ.ም. የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ዲሬክተር ሆነ። በዚያው ዓመት ፔሪ ራትቦን የቦስተንን ሙዚየም ተረከበ። ፕሮፌሰሩም ያከማቹትን ሥዕል ለፎግ ሙዚየም አውርሰው በ1965 ዓ.ም. ዐረፉ።

ሀብታም ስለ ነበሩ ሥራ መልቀቅ አልከበዳቸውም የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ ለማድረግ አንችልም። እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ሌላ ነው። በገንዘብ ሥራ ያሳለፉት ዘመን ከንቱ አልቀረም፤ የባለጸጎችን ጠባይ ያወቁት በዚያ ነውና ያን ዕውቀት ለተማሪዎቻቸው አካፈሉት። ዘንድሮ ትምህርታችንን የምንጨርስ ልጆች አንዳንዶቻችን የወደድነውን፣ አንዳንዶቻችን ወላጆቻችን የመረጡልንን ሥራ እንይዛለን። በየትኛውም ብንገባ በትጋት የተማርነው ነገር የምንወደው ሥራ በመጣ ጊዜ ስንቅ እንደሚሆነን ከእኒህ መምህር ሕይወት ተረድቻለሁ።