የባሕር እናት የተባሉት ዶክተር ካትሊን ድሩ ቤከር

ገበሬ የዘራውን ራሱ ቢያጭድ የተለመደ ነገር ነው። ዳሩ ግን በአንድ አገር በድካም የተዘራ ዕውቀት ባሕር ተሻግሮ ሌላውን ሕዝብ ሲመግብ ማየት እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ስለዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የአንዲት እንግሊዛዊት ሊቅ የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ልንጽፍ ወደድን።

ካትሊን ድሩ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. በላንክሻየር አውራጃ፣ ሊ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የዕፀዋትን ትምህርት ተምረው በ1922 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁና በዚያው አስተማሪ ሆኑ። በ1928 ሄንሪ ራይት ቤከርን ባገቡ ጊዜ ግን፣ ያገባች ሴት እንዳትቀጠር የሚከለክል ደንብ ስለ ነበረ የማስተማር ሥራቸውን አጡ። እሳቸው ግን ተስፋ ሳይቆርጡ፣ ሁለት ልጆች እያሳደጉ፣ ያለ ደመወዝ ምርምራቸውን ቀጠሉ።

የምርምራቸው ነገር የባሕር ሣር ነበረ። ከዚህ ሣር አንዱን ወገን ጃፓኖች ኖሪ ይሉታል፤ እንደ ወረቀት በስሱ አድርቀው ከሩዝ ጋር ይበሉታል። የጠረፍ ሰዎች በጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ እንጨትና መረብ እየተከሉ ሣሩ እስኪይዝበት ይጠብቁ ነበር። ሣሩ በክረምታቸው ይበቅላል፤ በበጋ ይጠፋል። ዘሩ በበጋ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ አዝመራው የዕድል ነገር ነበረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ምርቱ ክፉኛ ስለ ቀነሰ ብዙ ቤተ ሰብ ተቸገረ።

ዶክተር ካትሊን ከእንግሊዝ ባሕር የተገኘውን የኖሪ ዘመድ በውሃ ዕቃ ውስጥ አሳድገው፣ ደቃቅ ዘሩ በባሕር ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳት ቅርፊት ውስጥ ገብቶ እንደ ቀጭን ቀይ ክር ሆኖ እንደሚኖር አስተዋሉ። ያንን ክር ሊቃውንት ቀድሞ ሌላ ተክል ነው ብለው ለብቻው ስም ሰጥተውት ነበር። እሳቸው ግን ሁለቱ አንድ ተክል መሆናቸውን በ1949 ጽፈው አስታወቁ።

ይህን የሰሙ የጃፓን ሊቃውንት ነገሩን በአገራቸው ኖሪ መርምረው እውነት ሆኖ አገኙት። ከዚህ በኋላ የጠረፍ ገበሬዎች ዘሩን በበጋ በገንዳ ውስጥ በቅርፊት አሳድገው፣ በመጸው መረባቸው ላይ ማስያዝ ተማሩ። በዕድል ይጠብቁት የነበረውንም በእጃቸው ዘሩት።

ዶክተር ካትሊን ጃፓንን በዓይናቸው ሳያዩ በ1957 ዐረፉ። በ1963 የኖሪ ገበሬዎች በኩማሞቶ ግዛት በኡቶ ከተማ፣ ባሕሩን በሚያሳይ ስፍራ የመታሰቢያ ሐውልት አቆሙላቸው፤ በየዓመቱም በሚያዝያ ወር በዚያ ተሰብስበው ያስቧቸዋል።

ዘንድሮ ትምህርታችንን የምንፈጽም እኛም ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ተምረናል። ብዙዎቻችን ምን ብናጠና ደመወዝ እናገኛለን እያልን እንጨነቃለን። እኒህ ሴት ግን ደመወዝ ሲቀርባቸው ጥያቄያቸውን አልተዉም፤ በዚያም ጥያቄ የማያውቋቸው ሰዎች ልጆች ጠገቡ። እንግዲህ ከዚህ ቅጥር ግቢ ስንወጣ የምናውቀውን ትንሽ ነገር ሳንንቅ በትጋት ልንይዘው ይገባናል።