የቅዝቃዜው ሊቅ ሃይክ ካመርሊንግ ኦነስ (1853–1926)

የጨለማ ቁስ አካልን ቅንጣት በቀጥታ ለመለየት የሚደክሙ አንዳንድ ተመራማሪዎች መሣሪያቸውን ከፍጹም ዜሮ በዲግሪ መቶኛዎች ብቻ ከፍ ወደሚል ቅዝቃዜ ያወርዱታል። ወደዚያ የሚያደርሰውን መንገድ ከጠረጉት ሊቃውንት ግንባር ቀደሙ ሆላንዳዊው ካመርሊንግ ኦነስ ናቸው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1853 ዓ.ም. በግሮኒንገን ከጡብ ፋብሪካ ባለቤት ተወለዱ። በ1882 የላይደን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሲሆኑ የ29 ዓመት ሰው ነበሩ። ከሁሉ አስቀድመው ያሰቡት ለዎርክሾፑ ነበር፤ ብርጭቆ የሚነፉና ብረት የሚቀርጹ ወጣቶችን አሠለጠኑ፤ በ1901ም ለዚሁ ሙያ ትምህርት ቤት አቋቋሙ።

ሥራው ግን ያለ እንቅፋት አልሄደም። በ1807 ባሩድ የጫነ መርከብ በላይደን መካከል ፈንድቶ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ነበርና፣ በዚያው ፍርስራሽ ስፍራ በተሠራው ቤተ ሙከራ የታመቀ ጋዝ መኖሩ በ1895 ሲሰማ ከተማው ሠጋ፤ የቅዝቃዜው ሥራም እስከ 1898 ተስተጓጎለ። በዚሁ ዓመት ሃይድሮጅንን ወደ ፈሳሽነት በመለወጥ የለንደኑ ጄምስ ዱዋር ቀደሟቸው። እሳቸው ግን ማሽኖቻቸውን በትዕግሥት አሟሉ። ወንድማቸው ካስገኙላቸው ሞናዛይት ከተባለ አሸዋ ሂሊየም አጠራቅመው፣ ጁላይ 10 ቀን 1908 ጋዙን ወደ ፈሳሽ ለወጡ። የተገኘው 60 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን፣ ከፍጹም ዜሮ ከፍ የሚለው በ4 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነበር።

በ1911 ከጊልስ ሆልስት ጋር ባደረጉት ምርመራ፣ ባዜቃ በዚህ ቅዝቃዜ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመቋቋም ባሕርዩን በድንገት እንደሚያጣ ታየ። በ1913 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሂሊየምን ለማርጋት ያደረጉት ጥረት ግን ሳይሠምርላቸው በፌብሩዋሪ 1926 አረፉ፤ በዚያው ዓመት የሥራ ባልደረባቸው ቪለም ኬሶም አረጋው።

በኢጣልያ ግራን ሳሶ ተራራ ሥር፣ በ1400 ሜትር ዐለት የተከለለው የክሬስት ሙከራ በዚህ ውርስ ላይ የቆመ ነው። ቅንጣት ክሪስታሉን ሲመታ የሚተወውን ኢምንት ሙቀት የሚለካው ስስ የተንግስተን ልባጥ ነው፤ ልባጡ የመቋቋም ባሕርዩን በሚያጣበት አፋፍ ላይ እንዲቆም ስለሚደረግ፣ ጥቂት ሙቀት ሲነካው መቋቋሙ እጅግ ይለወጣል። የተረጋገጠ የጨለማ ቁስ ቅንጣት እስካሁን አልተገኘም፤ ድካሙ ከንቱ ነው ለሚል ግን የላይደኑ ታሪክ መልስ አለው። ከፕሮፌሰርነት ሹመት እስከ ፈሳሽ ሂሊየም 26 ዓመት አልፏል፤ ይህም ዘመን በአመዛኙ የፓምፕ፣ የቧንቧና የብርጭቆ ዝግጅት ዘመን ነበር።