ጆይ ራሞንና ብቻውን ያወጣው አልበም

የፐንክ ሮክ ሙዚቃ ጩኸት እንጂ ዜማ አይደለም የሚሉ ጓደኞች አሉን። እኛ ግን ክርክሩን ለጊዜው ትተን፣ የዚህን ሙዚቃ መንገድ ከጠረጉት ሰዎች የአንዱን ሕይወት በአጭሩ ለመተረክ ብዕራችንን አነሣን። ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጆይ ራሞን የመድረክ ስሙ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ጄፍሪ ሃይማን ሲሆን፣ በ1951 በኒው ዮርክ ከተማ፣ በኩዊንስ፣ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ከሲታና ዓይነ አፋር ነበር። በወጣትነቱም አንድን ነገር ደጋግሞ እንዲሠራ የሚያስገድደው የአእምሮ ሕመም ይዞት ሆስፒታል ገብቶ ያውቃል። እንዲህ ያለው ልጅ በሕዝብ ፊት ቆሞ ይዘፍናል ብሎ ማን ይገምት ነበር?

በ1974 ከሰፈሩ ልጆች ጋር ራሞንስ የተባለውን ባንድ መሠረተ። በመጀመሪያ ከበሮ መቺ ነበረ፤ ኋላ ድምፃዊ ሆነ። የሥጋ ዝምድና ሳይኖራቸው አራቱም ራሞን የሚለውን ስም ያዙ፤ ልብሳቸውም አንድ ዓይነት ጥቁር የቆዳ ጃኬትና የተቀደደ ጂንስ ሆነ። በ1976 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው 14 ዘፈኖች ይዞ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ለመቅዳት የወጣውም ገንዘብ 6,400 ዶላር ያህል ብቻ ነበር።

ባንዱ በ1996 እስኪበተን ድረስ 2,263 ጊዜ ለሕዝብ ተጫውቷል። ከዚህ ውስጥ ብዙውን ዘመን ጆይና ጊታር መቺው ጆኒ አይነጋገሩም ነበር። በፖለቲካ አሳብ አይስማሙም፤ በመካከላቸውም የሴት ጉዳይ ገብቶ ነበር። ሆኖም በአንድ መኪና እየተጓዙ፣ በአንድ ስም እየተጠሩ፣ በአንድ መድረክ ላይ ቆሙ። እኛ በአንድ የመኝታ ክፍል ለአንድ ወር ተኳርፈን መቆየት የሚያቅተን ሰዎች ይህን ስንሰማ መገረማችን አልቀረም።

ባንዱ ሲበተን ጆይ የሊምፍ ዕጢ ካንሰር ይዞት ነበር። በሕክምናው መካከል ጉልበት ባገኘ ቁጥር፣ የረጅም ጊዜ ወዳጁ ዳንኤል ሬይ አዘጋጅነት፣ የራሱን ዘፈኖች ይቀዳ ጀመር። በ2000 መጨረሻ በበረዶ ላይ ተንሸራቶ ዳሌውን ሰበረ፤ ከዚያም ሕመሙ ጸናበት። ኤፕሪል 15 ቀን 2001፣ 50 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ያህል ሲቀረው ዐረፈ። አልበሙ የወጣው በፌብሩዋሪ 2002 ነው። ርእሱ ስለ እኔ አትጨነቁ ማለት ነው።

አልበሙ የሚከፈተው ሉዊ አርምስትሮንግ በዝግታ ባዜመው፣ የዓለምን ውበት በሚያደንቀው ዘፈን ነው። ጆይ ግን እንባ ለማስፈሰስ ብሎ አላዘገመውም፤ በጊታር እያስጮኸ ያስሮጠዋል። ሞቱን የሚያውቅ አድማጭ ልቡ የሚነካው በዚሁ ፍጥነት ይመስለናል። ሆስፒታል ተኝቶ ስለ መውደቅና ስለ መነሣት የጻፈው ዘፈንም አለበት። ከሁሉ ያሳቀን በቴሌቪዥን የአክሲዮን ገበያ ወሬ ለምታቀርበው ለማሪያ ባርቲሮሞ የተዘፈነው ነው፤ የተቀደደ ጂንስ ለባሹ የአክሲዮን ዋጋ ይከታተል ኖሯል! ዘፈኖቹ ሁሉ እኩል አይደሉም፤ አንዳንዶቹ የራሞንስ የቆየ ሥራ ቅጂ ይመስላሉ። ድምፁ ግን የታመመ ሰው ድምፅ አይደለም።

ብቻውን ባወጣው አልበም ላይም የታተመው ስም ራሞን ነው፤ ሃይማን አላለም። በ2003 ኒው ዮርክ ውስጥ በባወሪና በምሥራቅ ሁለተኛ መንገድ ማዕዘን የተሰቀለው የመታሰቢያ ሰሌዳም በዚሁ ስም ይጠራል። አድናቂዎቹ እየነቀሉ ስለ ወሰዱት፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳውን ከሌሎቹ ከፍ አድርጎ ሰቅሎታል።