ጥላሸት ካጠቆረው ቤት የወጡት ተከራካሪ



ከኪርያት ማላኪ፣ ከገዴራ ወይም ከያቭኔ ተነሥቶ ሚክላላ የገባ ልጅ የንግግርና የክርክር ቡድን ውስጥ ለመመዝገብ ሲያመነታ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የዕውቀት ማነስ አይደለም። እዚያ ቆመው የሚናገሩት አፋቸውን በዕብራይስጥ የፈቱ፣ ከደህና ቤት የመጡ ናቸው፤ እኔ ማን ነኝና ነው የምነሣው የሚል ሐሳብ ይይዘዋል። እኛም ወላጆች ጨዋ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል እያልን አሳድገነዋል።

ለዚህ ልጅ የምንነግረው ታሪክ ሩቅ አገር የተፈጸመ አይደለም። ከ1,900 ዓመት በፊት እዚሁ ያቭኔ ውስጥ በክርክር የታወቀ ቤት ሚድራሽ ነበር። ከስመ ጥሩዎቹ ተከራካሪዎች አንዱ በእጃቸው ሥራ የሚተዳደሩ፣ መልካቸው የማያምር፣ ድኻ ሰው ነበሩ፤ ረቢ የሆሹዓ ቤን ሐናንያ ይባላሉ። ስለ እሳቸው የምናውቀው ከሚሽና፣ ከታልሙድና ከሚድራሽ ነው። ስለዚህ ከፊሉ ታሪክ፣ ከፊሉ ደግሞ ትውልድ ሲቀባበለው የኖረ ትረካ መሆኑን ያዙልን።

የተወለዱት ሁለተኛው ቤተ መቅደስ ሳይፈርስ ነው። ነገዳቸው ሌዊ ሲሆን ከመዘምራኑ ወገን ነበሩ። ገና ሕፃን ሳሉ እናታቸው የተኙበትን አልጋ ተሸክመው እየወሰዱ ትምህርት ከሚሰጥበት ቤት ያስቀምጧቸው ነበር ይባላል፤ የልጁ ጆሮ ቃሉን እንዲለምድ ብለው ነው። መምህራቸው ረባን ዮሐናን ቤን ዘካይ የተማሪዎቻቸውን ጠባይ አንድ በአንድ ሲያመሰግኑ፣ የሆሹዓ ላይ ሲደርሱ ልጁን ትተው የወለዱትን እናት ነው ያመሰገኑት።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ70 ዓ.ም. ሮማውያን ኢየሩሳሌምን አጠፉ። ከዚያ በፊት ከተማዋ ተከባ ሳለ፣ ውስጥ ያሉት አማፅያን ሰው እንዳይወጣ ከልክለው ነበር። ታልሙድ እንደሚተርከው ረባን ዮሐናን ሞተዋል ተብሎ በቃሬዛ ሲወጡ፣ በአንድ ወገን ረቢ ኤሊዔዘር፣ በሌላው ወገን ረቢ የሆሹዓ ተሸከሟቸው። ሽማግሌው ከሮማዊው የጦር አለቃ ፊት ሲቀርቡ የለመኑት ያቭኔንና ሊቃውንቷን ነበር። በ2021 በያቭኔ የቁፋሮ ሥራ ከዚያ ዘመን የሆነ ሕንፃ መገኘቱን ብዙዎቻችሁ በዜና ሰምታችኋል።

ያቭኔ የተሰበሰቡት ሊቃውንት ሐዘን ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው። መሥዋዕት ቀርቷል፣ መዝሙሩ ቆሟል። ከሐዘኑ ብዛት ሥጋና ወይን እርም ያሉ ሰዎች ብቅ አሉ፤ ምክንያታቸው ሥጋው ለመሥዋዕት፣ ወይኑም ለመሠዊያው ይቀርብ ነበርና ነው። ረቢ የሆሹዓ እነዚህን ሰዎች አልገሠጿቸውም። በራሳቸው መንገድ አብረዋቸው ሄዱ፤ እንግዲያው የእህል ቁርባን ቀርቷልና እንጀራም ይቅር አሏቸው። ፍራፍሬ እንበላለን ሲሉ የበኵራቱን አነሡባቸው፤ ሌላ ፍራፍሬ አለ ሲሉ ውኃም በመሠዊያው ይፈስስ ነበር ብለው አስታወሷቸው። ሰዎቹ ዝም አሉ። ያን ጊዜ ረቢ የሆሹዓ ነገሩን አለዘቡት፤ ጨርሶ አለማዘን እንደማይቻል፣ ሕዝብ ሊሸከመው የማይችለውን ሐዘን መጫንም እንደማይገባ አስረዱ። ቤት የሚሠራ ሰው ለኢየሩሳሌም መታሰቢያ ጥቂት ግድግዳ ሳይለስን እንዲተው ተባለ። የክርክር ትምህርት የሚሰጥ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚያገኝ አይመስለንም።

በያቭኔ ትልቁ ጠብ የተነሣው ግን ከአለቃው ከረባን ገምሊኤል ጋር ነበር። አንድ ጊዜ የጨረቃ መታየትን በሚመሰክሩ ሰዎች ቃል ላይ ተለያዩ፤ የዮም ኪፑር፣ ማለት የእኛ አስተስርዮ፣ ቀኑ በሁለቱ ዘንድ ተለያየ። ረባን ገምሊኤል ትእዛዝ ላኩ፦ ረቢ የሆሹዓ በራሳቸው ቆጠራ አስተስርዮ በሆነው ቀን በትራቸውንና ገንዘባቸውን ይዘው እንዲመጡ። በተከበረው ቀን ገንዘብ ይዞ መንገድ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ አይነገርም። ረቢ የሆሹዓ ተጨነቁ፣ ከረቢ ዓቂቫ ጋር ተማከሩ፣ በመጨረሻም በትራቸውን ይዘው ያቭኔ ገቡ። ረባን ገምሊኤል ተነሥተው ራሳቸውን ሳሟቸው። በዕውቀት መምህራቸው፣ በመታዘዝ ግን ተማሪያቸው እንደሆኑ መሰከሩላቸው።

ሌላ ጊዜ ግን ነገሩ እንዲህ በመሳሳም አላለቀም። የማታ ጸሎት ግዴታ ነው ወይስ ፈቃድ በሚለው ጥያቄ ረባን ገምሊኤል ተቃዋሚያቸውን በጉባኤ ፊት አቆሙ፣ ራሳቸው ተቀምጠው ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ረቢ የሆሹዓ እንደቆሙ ቀሩ። ተማሪው አጉረመረመ፤ ይህ ሰው እስከ መቼ ይዋረዳል ተባለ። በዚያው ዕለት አለቃው ከሥልጣናቸው ወረዱ፣ ወጣቱ ረቢ ኤልዓዛር ቤን ዓዛርያ ተሾሙ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በረባን ገምሊኤል ዘመን የቤት ሚድራሹ በር ላይ ዘበኛ፣ ዛሬ ሾሜር የምንለው፣ ቆሞ ነበር። ውስጡ እንደ ውጪው ያልሆነ ተማሪ እንዳይገባ ታዝዟል። የሰው ውስጥ በምን እንደሚታይ ዘበኛውን መጠየቅ ነው! አለቃው በወረዱበት ቀን ዘበኛው ተነሣ፣ በሩ ተከፈተ። የተጨመረው አግዳሚ ወንበር 400 ነው የሚሉ አሉ፣ 700 ነው የሚሉም አሉ። ያን ቀን ሳይፈታ የቀረ የሕግ ጥያቄ አልነበረም ይባላል።

በተከፈተው በር ከገቡት አንዱ ወደ አይሁድነት የገባ ይሁዳ የሚባል አሞናዊ ነበር። ወደ ጉባኤው መግባት ይፈቀድልኝ እንደሆነ ሲል ጠየቀ። ኦሪት አሞናዊን ይከለክላልና ረባን ገምሊኤል አይገባም አሉ። አዎ፣ በዚያው ዕለት ከሥልጣን የወረዱት ረባን ገምሊኤል፤ ተቀይመው ቤታቸው አልቀሩም፣ ከሌላው ጋር ተቀምጠው ይከራከሩ ነበር። ረቢ የሆሹዓ ይግባ አሉ፤ የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ሕዝቦችን ሁሉ ከየአገራቸው አፍልሶ ስለ ደባለቀ ዛሬ አሞናዊ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም የሚል ነበር ማስረጃቸው። ረባን ገምሊኤል አሞናውያን እንደሚመለሱ ከነቢዩ ኤርምያስ አነሡ። ረቢ የሆሹዓም እስራኤልም እንደሚመለስ በነቢይ ተነግሮ ገና አለመመለሱን አመለከቱ። ይሁዳ ገባ።

በ1985 ከኢትዮጵያ የመጡ ወገኖቻችን አይሁድነታቸው ተጠርጥሮ ሚክቬ ግቡ ሲባሉ በኢየሩሳሌም አደባባይ ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃውመዋል። በጎንደር መንደሮች ታልሙድ አልነበረንም፤ ይህን የያቭኔ ክርክር ያን ጊዜ የሚያውቁት ስንቶቹ እንደነበሩ እንጃ። ጥያቄው ግን የይሁዳ ጥያቄ ነበር።

ረባን ገምሊኤል ይቅርታ ሊጠይቁ ወደ ረቢ የሆሹዓ ቤት ሄዱ። ሲገቡ ግድግዳው ጠቁሮ አዩና ቤቱ የከሰል ሠሪ ቤት እንደሚመስል ተናገሩ። የኢየሩሳሌሙ ታልሙድ ደግሞ ረቢ የሆሹዓን መርፌ ሲሠሩ እንዳገኟቸው ይተርካል። ረቢ የሆሹዓ የመለሱት መልስ መራራ ነበር፤ የሊቃውንቱን ችግርና በምን እንደሚኖሩ የማያውቅ መሪ ላለው ትውልድ አዘኑለት። ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ቡዳ እየተባሉ ብረት ሲቀጠቅጡ የኖሩ አባቶች ልጆች ይህን ሲያነቡ የሚሰማቸውን ሌላው ሰው እንደዚያ የሚሰማው አይመስለንም። ያም ሆኖ ረቢ የሆሹዓ ታረቁ፤ ረባን ገምሊኤልም ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ ዋናው አማላጅ እሳቸው ሆኑ። ቤን ዓዛርያ አልተባረሩም፤ ማስተማሩን ሁለቱ በፈረቃ ያዙት።

እኚህ ሰው ያሸነፈኝ የለም ሲሉ ሦስት ሰዎችን ለይተው ይናገሩ ነበር፦ አንዲት ሴት፣ አንዲት ልጃገረድና አንድ ሕፃን ልጅ። ልጁን መንታ መንገድ ላይ ተቀምጦ አግኝተው የከተማውን መንገድ ጠየቁት። ይህኛው አጭር ሆኖ ረጅም፣ ያኛው ረጅም ሆኖ አጭር እንደሆነ ነገራቸው። አጭሩን ይዘው ሄዱ፤ ከተማው አጠገብ ሲደርሱ አትክልትና አጥር ዘጋባቸው። ተመልሰው ልጁን ቢወቅሱት እሱ ያለውን አስታወሳቸው፤ ራሱን ሳሙት።

የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በመልካቸው አሾፈችባቸው፤ እንዲህ ያለ ጥበብ በአስቀያሚ ዕቃ ውስጥ መገኘቱ ደንቋት። አባትሽ ወይኑን በምን ያስቀምጣል ብለው ጠየቋት፤ በሸክላ ነበር። ለባለጸጋ ወርቅና ብር ይገባል ብለው መከሯት፤ እሷም ወይኑን በወርቅና በብር ዕቃ አስገለበጠች፤ ወይኑ ኮመጠጠ።

በሽምግልናቸው ግን ጨዋታ የማይሆን ጊዜ መጣ። ቤተ መቅደሱን ለመሥራት ከሮም ተሰጥቶ የነበረው ፈቃድ ሲሰናከል ሕዝቡ በሪሞን ሸለቆ ተሰብስቦ አለቀሰ፤ ሊያምፅም ተነሣ። የሚያረጋጋ ሊቅ ሲፈለግ ረቢ የሆሹዓ ተመረጡ። ተረት ነገሯቸው፦ አንበሳ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰካበት፤ ላወጣልኝ ዋጋ እሰጣለሁ አለ፤ ምንቃሯ ረጅም የሆነ ወፍ ገብታ አወጣችለት። ዋጋዋን ስትጠይቅ ከአንበሳ አፍ በደኅና ገብታ መውጣቷ እንደሚበቃት ነገራት። ከሮም እጅ በሕይወት መውጣታችን ይበቃናል ማለታቸው ነበር። ሕዝቡ ተበተነ።

ሊሞቱ ሲሉ ሊቃውንቱ ከአልጋቸው አጠገብ ሆነው ከእንግዲህ በተቃዋሚዎቻችን ፊት ማን ይቆምልናል ብለው ተጨነቁ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ከመጽሐፍ ጠቅሰው፣ ምክር ከእናንተ ከጠፋ የእነሱም ጥበብ አብሮ ይበላሻል ብለው አጽናኗቸው። በ132 የባር ኮኽባ ዓመፅ ሲነሣ በሕይወት አልነበሩም። ዓመፁ ከተሸነፈ በኋላ ጉባኤው ከያቭኔ ወደ ገሊላ፣ ኡሻ ወደምትባል ከተማ ተዛወረ።