የጋሳን ንጉሥ አል ሙንዚር ወልደ ሐሪስ

በ6ኛው መቶ ዓመት የምሥራቅ ሮም መንግሥት ከሶርያ በስተ ምሥራቅና በስተ ደቡብ ያለውን ድንበሩን በግንብና በወታደር ብቻ ሊጠብቀው አልቻለም። ምድረ በዳው ሰፊ፥ ውሃው ጥቂት፥ መንገዱም ለማያውቀው ሰው የሚያሳስት ስለ ሆነ፥ የቊስጥንጥንያ ነገሥታት የዐረብን ነገዶች በውል አስረው፥ ወርቅና ማዕርግ እየሰጡ የድንበር ጠባቂ አደረጓቸው። ተቃዋሚዎቻቸው ፋርሶችም በሒራ ከተማ የተቀመጡትን የላኽምን ነገሥታት በዚሁ መንገድ ይዘው ነበር። ከሮም ጋር ከተባበሩት ነገዶች የበላይ የነበረው የጋሳን ነገድ ሲሆን፥ ከአለቆቹም መካከል ታማኝነቱ በክፉ የተመለሰለት አል ሙንዚር ወልደ ሐሪስ ነው። በዚህ ታሪክ የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አባቱን አል ሐሪስ ወልደ ጀበላን፥ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በ529 ዓ.ም. ገደማ በብዙ ነገዶች ላይ አለቃ አድርጎ ሾመው፥ የንጉሥነትንም ክብር ሰጠው። ይኸው ንጉሠ ነገሥት ፋርስን በወዳጆች ብዛት ለመክበብ ሲል በዚያው ዘመን መልእክተኛውን እስከ አክሱም፥ እስከ ዐፄ ካሌብ ድረስ ልኮ ነበር። አል ሐሪስም አደራውን አርባ ዓመት ያህል ጠበቀ፤ በ554 ዓ.ም. የሒራን ንጉሥ በቀነስሪን አጠገብ ድል ነሣው፥ ንጉሡም በዚያው ሞተ። በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ግን ስሙ የሚነሣው በሌላ ሥራው ነው። ከኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ የተዋሕዶ ጳጳሳት ተሰደው ክህነት የሚሰጥ በጠፋ ጊዜ፥ ንግሥት ቴዎዶራን ለመነ። በዚህም ምክንያት ያዕቆብ ዘእልበረዲና ቴዎድሮስ በ542 ዓ.ም. ገደማ፥ በግዞት ከነበረው ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ከቴዎዶስዮስ እጅ ጵጵስና ተቀበሉ። ያዕቆብም የድኻ ልብስ ለብሶ ከአገር ወደ አገር እየዞረ ቤተ ክርስቲያንን አጸና።

አል ሐሪስ በ569 ዓ.ም. ሲሞት ልጁ አል ሙንዚር ሰይፉንም ሃይማኖቱንም ወረሰ። በዚያ ወራት በዐረብ አውራጃ የነበሩ አበምኔቶች ሥላሴን ከፍለው ሦስት አማልክት ወደ ማለት የሚያደርሰውን ትምህርት በመቃወም በጻፉት ደብዳቤ ላይ 137 ፊርማ ይገኛል፤ ከፈራሚዎቹም አንዱ የአል ሙንዚር ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነው። በዚህም የጋሳን ምድር የጦር ሰፈር ብቻ ሳይሆን የገዳማት አገር እንደ ነበረ ይታወቃል።

አል ሙንዚር በ570 ዓ.ም. የሒራን ንጉሥ ቃቡስን ድል ነሣ፤ ለሠራዊቱም ደመወዝ የሚሆን ወርቅ እንዲላክለት ለመነ። ንጉሠ ነገሥት ዮስጢኖስ 2ኛ ግን ለነገዶች ወርቅ መስጠትን እንደ ውርደት የሚቈጥር ስለ ነበረ ተቈጣና ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። አንደኛው የጦር አዛዡ መርቅያኖስ አል ሙንዚርን በማታለል እንዲገድለው የሚያዝ ሲሆን፥ ሁለተኛው አል ሙንዚር ለምክር ወደ መርቅያኖስ እንዲሄድ የሚጋብዝ ነበረ። ነገር ግን ደብዳቤዎቹ ተለዋወጡና የሞቱ ትእዛዝ በራሱ በአል ሙንዚር እጅ ገባ። ይህን ታሪክ የጻፈው በዘመኑ የነበረው የኤፌሶኑ ዮሐንስ ነው።

አል ሙንዚር በሮም ላይ ሰይፍ አላነሣም፤ ሠራዊቱን ይዞ ወደ ምድረ በዳ ገባ፥ ሦስት ዓመት ያህልም ከንጉሡ ተለይቶ ተቀመጠ። በዚህ ጊዜ ድንበሩ ያለ ጠባቂ ቀረ። የፋርስ ወገን የሆኑ ዐረቦች የሶርያን መንደሮች ዘረፉ፤ በ573 ዓ.ም. ፋርሶች አፓምያን አቃጠሉ፥ ጽኑ ምሽግ የነበረችውንም ዳራን ያዙ። ዮስጢኖስ አእምሮው ታውኮ ሥልጣኑ ወደ ጢባርዮስ ሲተላለፍ ዕርቅ ተፈለገ። አል ሙንዚር የቤተ መንግሥትን ቃል ማመን ስላልቻለ፥ ዐረቦች ሁሉ በሚያከብሩት በሰማዕቱ በቅዱስ ሰርጊስ መቃብር ፊት፥ በሩሳፋ ከተማ ካልሆነ አልታረቅም አለ። በ575 ዓ.ም. በዚያ ከሮም አዛዥ ጋር ተማማለ። ከዚያም በኋላ ሳይታሰብ ወደ ሒራ ገሥግሦ ከተማዪቱን አቃጠለ፥ ምርኮኞችን ነጻ አወጣ፤ አብያተ ክርስቲያናትን ግን አልነካም።

በ580 ዓ.ም. ከሁለት ልጆቹ ጋር ወደ ቊስጥንጥንያ በሄደ ጊዜ ጢባርዮስ በታላቅ ክብር ተቀብሎ ዘውድ ሰጠው። እርሱም ክብሩን ለራሱ ብቻ አላደረገውም፤ በእስክንድርያና በሶርያ ወገኖች መካከል የነበረውን መለያየት ለማስታረቅ የሁለቱን ወገን አባቶች በአንድ ጉባኤ ሰብስቦ አስማማቸው። ለተዋሕዶ ወገኖችም ከስደት ዕረፍት እንዲሰጣቸው ንጉሡን ለመነ። ዳሩ ግን አባቶች ወደየአገራቸው ሲመለሱ ስምምነቱ ፈረሰ፥ የሃይማኖት ጠላቶቹም በዙበት።

ወዲያው ከጦር አዛዡ ከማውሪቅዮስ ጋር ወደ ፋርስ ዋና ከተማ ዘመተ። ኤፍራጥስን ለመሻገር ወደሚፈልጉት ድልድይ ሲደርሱ ፈርሶ አገኙት። ማውሪቅዮስም ምሥጢሩን ለፋርሶች የገለጸ አል ሙንዚር ነው ብሎ ከሰሰው። አል ሙንዚር ብቻውን ዘምቶ ፋርሶችንና አጋሮቻቸውን ድል ቢያደርግም ጥርጣሬው አልጠፋም። በ581 ዓ.ም. ገደማ ማግኖስ የተባለ የቤተ መንግሥት ሹም፥ እንደ ወዳጅ የሚያምነው ሰው፥ በደማስቆና በተድሞር መካከል ባለችው በሑዋሪን አዲስ ቤተ ክርስቲያን እናክብር ብሎ ጠራው። ንጉሡም ለቅዳሴ ቤት ሲመጣ ተያዘ። ወደ ቊስጥንጥንያ ተወሰደ፤ ማውሪቅዮስ በ582 ዓ.ም. ሲነግሥም ወደ ሲሲልያ ደሴት አጋዘው።

ልጆቹ በታላቁ በኑዕማን መሪነት ተነሥተው አገሩን ወረሩ፥ ቦስራንም ከበቡ። በኋላ ኑዕማን ስለ አባቱ ለመለመን ወደ ቊስጥንጥንያ ሄደ። ማውሪቅዮስ ፋርስን ቢወጋና የኬልቄዶንን ጉባኤ ቢቀበል አባቱን እንደሚፈታለት ተናገረ፤ ኑዕማን ግን ሃይማኖቱን ለመለወጥ እንቢ ስላለ እርሱም ታሰረ። የጋሳን አንድነት ፈርሶ ለ15 አለቆች ተከፋፈለ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወደ ፋርስ ከዱ።

ፋርሶችም ከዚህ አልተማሩም፤ በ602 ዓ.ም. ገደማ የሒራን ንጉሥ ገድለው የራሳቸውን የምድረ በዳ በር ከፈቱ። ከዚያም ሁለቱ መንግሥታት እርስ በርሳቸው ሲዋጉ ደማስቆ በ613፥ ኢየሩሳሌምም በ614 ዓ.ም. በፋርሶች እጅ ወደቁ። ሮም አገሩን ካስመለሰ በኋላ፥ የምድረ በዳውን መግቢያ ይጠብቁ ለነበሩ ዐረቦች ደመወዝ የሚከፍለው ሹም ሰድቦ ባዶ እጃቸውን ሰደዳቸው፤ እነርሱም የእስላሙን ሠራዊት ወደ ጋዛ መሩ። በ636 ዓ.ም. በያርሙክ ጦርነት ሶርያ ከቊስጥንጥንያ እጅ ወጣች። ለዚህ ውድቀት ረጅሙ ጦርነትና ቸነፈሩም ምክንያት ናቸው፤ ነገር ግን ድንበሩን የሚያውቀውን ጠባቂ በገዛ እጃቸው ያሰሩት ከዚያ 55 ዓመት ያህል አስቀድሞ ነው።

ከሩሳፋ ቅጥር ውጭ፥ ከሰማዕቱ መቃብር በማይርቅ ስፍራ፥ አል ሙንዚር ያሠራው ሕንጻ ዛሬም ይታያል፤ ስሙም በግሪክ ፊደል በድንጋዩ ላይ ተቀርጿል። ሰማዕቱን ምስክር አድርጎ የማለውን መሐላ እርሱ ጠብቆታል፤ ያፈረሱት ያስማሉት ናቸው።